የማዳም ክሬመር መስኮት

ቫልደን፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999

ሶላንዥ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ጤናዬን ለጠየቅሽው ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ብርዱ እስኪገባ ድረስ ታግሦኛል። በመስታወት ቤቱ ውስጥ የምሸጣቸው የመቃብር አበቦች፣ ክሪሳንተሞቹ፣ እንቡጥ ይዘዋል። ዘንድሮ ነጩ ቀደመ፣ ቢጫው ወደኋላ ቀረ። ለቅዱሳን ሁሉ በዓል ካልደረሰ ደግሞ ለማንም አይሆንም። ሰዉ ሙታኑን በኖቬምበር መጀመሪያ ያስታውሳል፣ በሦስተኛው ቀን ማሰሮ አበባ የሚጠይቅ አይቼ አላውቅም።

ጽሑፍሽ ያለበት መጽሔት ደርሶኛል፤ ያውም ሁለት። አንዱን አንቺ ላክሽልኝ፣ ሌላውን ማዳም ቮትራን ይዛልኝ መጣች። ማዳም ቮትራን ከስድስት ዓመት በፊት ከከተማ መጥታ የድሮውን የቄስ ቤት የገዛችው ሴት ናት፤ አሁን የመንደሩ የበዓል ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆናለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ የሚከበረውን ሃሎዊንን ቫልደን ውስጥ ለማስገባት ስትደክም ኖራለች። የዳቦ ቤቱን መስኮት በፕላስቲክ ሸረሪት የሞላችው፣ ልጆቹን ጥቁር ካባ አልብሳ ከረሜላ ለልመና ቤት ለቤት የላከቻቸው እሷ ናት። ቄሱ በስብከት ተቆጡ፣ አስተማሪዎቹ የአሜሪካ ሸቀጥ ነው ብለው አጉረመረሙ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ከርማ ነበር። አሁን ያንቺን ጽሑፍ ይዛ መስታወት ቤቴ ገባችና፣ «ማድሞዋዜል ኦዲል፣ ለምን ደብቀውን ኖሩ? እኛ ከውጭ ያመጣነው መስሎን ስንሳቀቅ፣ ለካ የእናንተው ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ የኛው ነበር። ጥሩ አድርገሽ ጽፈሽዋል። ለከብት ቀለብ የሚዘራውን ቀይ ሥር በማንኪያ መፈልፈሉን፣ ዓይንና ጥርስ ማውጣቱን፣ ሻማ ከቶ በሰው መስኮት ላይ አስቀምጦ መሮጡን፣ የተቃጠለውን ሥር ሽታ ሳይቀር። ልማዱ የጠፋው ቴሌቪዥንና ትራክተር ሲመጡ ነው ብለሻል። ይሁን። ከዚያ በታች ደግሞ፣ «ባልቴቷ ማዳም ክሬመር የኛን መብራት መስኮቷ ላይ ስታይ እየሳቀች ፖም ትሰጠን ነበር» ብለሻል።

ተቆጥተሽብኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አልተቆጣሁም። ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኋት፤ ከዚያ ተነሥቼ አበባዎቹን ውኃ ላጠጣ ሄድሁ።

ማዳም ቮትራን የክብር እንግዳ አድርጋ ልትጠራሽ አስባለች። እምቢ በያት። ምክንያት ካስፈለገሽ ሥራ በዝቶብኛል በያት፤ አስተማሪ ምንጊዜም የሚታረም ደብተር አያጣም።

ኦዲል


ናንት፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1999

ውድ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይቅርታ የምልሽ ለመዘግየቴ ነው፤ የሌላውን ይቅርታ በምን ቃል እንደምጀምረው አላውቅም።

ጽሑፉ እንዴት እንደወጣኝ ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት በአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዱ ሃሎዊን ከትምህርት ቤት ይባረር አለ። ሌላዋ ደግሞ፣ «ፈረንሳይ የሙታን ቀንን እንጂ የጭራቅ ቀንን አታውቅም» አለች። እኔም ሳላስበው አፌን ከፍቼ፣ «እኛ አገር የሃሎዊኑ ዱባ ከመምጣቱ በፊት የምንፈለፍለው ቀይ ሥር ነበር» አልሁ። ሁሉም አዳመጡኝ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ እንደዚያ ያዳመጡኝ ጊዜ የለም። ጻፊው፣ ጻፊው አሉኝ። ጻፍሁት። ስጽፍ የሥሩ ሽታ መጣብኝ፣ የአባባ ቢላዋ መጣብኝ፣ ማዳም ክሬመርም ከነፖሟ መጣች። በአሥር ዓመቴ እውነትም ፖም ሰጥታኝ ነበር፣ ኦዲል። ያንን አልዋሸሁም። የሚቀጥለውን ዓመት ነው ያልጻፍሁት።

ከደብዳቤሽ በኋላ በላክሽልኝ ካርድ ላይ «እዚያ ማን ያውቃል?» የሚል ብቻ አገኘሁ። ማንም አያውቅም። ባለቤቴ ሬሚ እንኳ ሳያውቅ ተቀበረ። ልጄ አጋት እናቷ ጉንዳን ረግጣ የማታውቅ ይመስላታል። እኔም ብዙውን ቀን ሌላ ሰው ያደረገው ይመስለኛል። ይህን ስልሽ አትናደጂ።

የልብ ድካሜ እንደነበረ ነው፤ ሐኪሙ ከደረጃ ተጠንቀቂ ይለኛል።

አንድ ነገር መጨረሻ ላይ አስቀመጥሁ፣ ፈሪ ስለሆንሁ። ማዳም ቮትራን ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ደውላልኝ ነበር። በጣም ደስ ብሏት ነበር የምታናግረኝ። እሺ ብያታለሁ።

ሶላንዥ


ቫልደን፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1999

ሶላንዥ፣

ሰላምታውን እንዝለለው። ሥራ ላይ ነኝ፤ ይህንን የምጽፈው ከማሰሮዎቹ መሀል ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው።

«በእርግጥ አንቺ ያን ቀን ምን እንዳየሽ ነግረሽኝ አታውቂም» ብለሽ ከደብዳቤሽ በኋላ በላክሽው ካርድ ላይ ጽፈሽልኛል። ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ ነው። አሁን ስለጠየቅሽ ስሚ።

ዘመኑ 1961 ነበር፤ አንቺ አሥራ አንድ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። ከማዳም ክሬመር ልጅ ከኤሚል ጋር ቀለበት ካሰርን አራት ወር ሆኖን ነበር። ለፋሲካ ልንጋባ ቀን ቆርጠናል። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ዝናብ ነበር፤ ያንቺ ካፖርት ምድጃው ላይ ሲደርቅ ስለነበር የኔን አረንጓዴ ካፖርት ለብሰሽ ወጣሽ። እጅጌው እስከ ጉልበትሽ ይደርስ ነበር፤ እማማ ስቃብሻለች። አመሻሽ ላይ ሥርሽን አቅፈሽ ሄድሽ። የማዳም ክሬመር ቤት ከኋላ በኩል መንገዱ ከፍ ስለሚል የደረጃው መስኮት ለልጅ እጅ እንደሚደርስ ታውቂ ነበር። ልጆች ሁሉ የፊቱን መስኮት ነው የሚወስዱት። አንቺ የኋላውን መረጥሽ፣ ከሌሎቹ የተሻለ ማስደንገጥ ፈልገሽ።

ማዳም ክሬመር ከጣሪያው ክፍል ፖም በሽርጧ ይዛ እየወረደች ነበር። ፖሙ ለናንተ ነበር፣ ሶላንዥ። የበሩን ድምፅ ስትጠብቅ በክንዷ ርቀት እሳት ያለው ፊት አየች።

ወደ ቤት ስትመጪ ከንፈርሽ ነጭ ነበር። ምድጃው ሥር ገብተሽ ተቀመጥሽ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከማዶ የሚኖረው አንጥረኛ መጥቶ፣ «ኦዲልን በአረንጓዴ ካፖርቷ ከኋላው መንገድ ስትሮጥ አይቻታለሁ፤ አሮጊቷ ከደረጃ ወድቃለች» ብሎ ለአባባ ነገረው። አባባ ወደኔ ዞረ። ካፖርቱ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ውኃ ያንጠባጥባል። አንቺን አየሁሽ። ቄሱ ለሜስ ገዳም ትምህርት ቤት ስምሽን የላኩት በዚያው ሳምንት ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር የሠራች ልጅ አይቀበሉም ብዬ አሰብሁ። ደግሞም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ሴትዮዋ ትነሣለች ብዬ ነበር። ኤሚል ይወደኛል፣ ይምረኛል፣ በፋሲካ እንስቅበታለን ብዬ ነበር። «እኔ ነኝ» አልሁ።

በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ቄሱ በመቃብሩ ላይ ሥር የሚፈለፍል ቤት ቁርባን አያገኝም አሉ። ቴሌቪዥን አይደለም፣ ትራክተር አይደለም። ልማዱን የገደለው ያ ነው፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀው ነበር። አሁን የሚያውቁት አምስት ሰዎች ቀርተናል። ሌላው ከከተማ የመጣ ነው፣ ወይ ጧት ሉክሰምበርግ ለሥራ ሄዶ ማታ ለመኝታ የሚመለስ።

ኤሚል ቀለበቱን በእኅቱ እጅ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን አንሥቶ «እንደምን ዋሉ፣ ማድሞዋዜል» ይለኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት «እርስዎ» ብሎኛል። አንቺ ገዳም ትምህርት ቤት ስትገቢ እዚህ ልጆቹ፣ «ኦዲል መጣች፣ መስኮት ዝጉ» የሚል ዘፈን አውጥተውልኝ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርሁሽም። ሽማግሌዎቹ ሲሞቱ ዘፈኑም አብሮ ሞተ፤ ክፋት የለውም።

ሃሎዊኑ አይደለም የሚያንገበግበኝ። የመጣ ሁሉ እንግዳ ነው። ቅድመ አያታችን ቅዱስ ኒኮላስ እንጂ የገና ሽማግሌ የሚባል አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም በየተራ ይመጣሉ፣ አንዱ በዲሴምበር ስድስት፣ ሌላው በሃያ አምስት፣ ልጆቹም ከሁለቱም ይቀበላሉ። የምኖርበት ክሪሳንተም እንኳ፣ አያታችን እንደምትለው፣ ከታላቁ ጦርነት በኋላ ነው መቃብር ላይ የወጣው፤ በፊት ሻማ ብቻ ነበር። እኔም የምበላው ዘግይቶ ከመጣ ልማድ ነው። ይምጡ፣ ይዝፈኑ። አንቺ ግን እዚያ መድረክ ላይ ወጥተሽ ስለ ፖሙ ልታወሪ ነው።

እንግዲህ እሺ ካልሽ ነይ። ከቆምሽ ግን የሆነውን ተናገሪ። ካልቻልሽ እዚያው ናንት ቅሪ።

ኦዲል


ናንት፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1999

ኦዲል፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሁለት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድሁም። ጉንፋን ነው ብዬ አስደወልሁ።

እንዲህ ነው የማስታውሰው ብዬ ልከራከርሽ አልችልም፤ የኋላውን መስኮት የመረጥሁት አንቺ ባልሽው ምክንያት ነው። ዘፈኑን ግን አላውቅም ነበር። በእረፍት ስመጣ ለምን ከኔ ጋር ዳቦ ቤት እንደማትሄጂ ይገርመኝ ነበር። ኩራት ይመስለኝ ነበር።

ለምን ዝም አልሽ ብለሽ ብትጠይቂኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልጠየቅሽም። እኔ ልመልስልሽ። መጀመሪያ ፈርቼ ነው። ቀጥሎ ገዳሙ ውስጥ ጎበዝ ተማሪ ሆንሁ፤ ካሁን በኋላ ብናገር ሁሉም ይባክናል፣ ያንቺም ውለታ ይባክናል አልሁ። ከዚያ ወዲያ ውለታሽን ሰበብ አድርጌ ኖርሁ።

እናገራለሁ። ማዳም ቮትራን በበዓሉ ምሽት በእሳቱ ዙሪያ አሥር ደቂቃ ሰጥታኛለች። አንቺ ዘንድ ልደር ወይ አልልሽም፤ በእንግዳ ማረፊያው ክፍል ይዘውልኛል። ኤሚል አሁንም መንደሩ ውስጥ እንደሚኖር ከደብዳቤሽ ገባኝ። ከፈለገ ይምጣ።

ሶላንዥ


ናንት፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1999

ውድ ኦዲል፣

ያየሽ ሰው ስላላገኘሁ የመጣሽ አልመሰለኝም። በማግሥቱ በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር። የመስታወት ቤቱ ፊት መኪኖች ተሰልፈው፣ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ማሰሮ እያወጣሽ ነበር። በሥራሽ መሀል ልጠራሽ አልደፈርሁም። ባቡሬም ደርሶ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ውሸት ነው፤ ባቡሩ ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ። አደባባዩ ላይ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ግማሹ ዱባ፣ ግማሹ ሥር፤ ሥሩን ከአንድ ገበሬ በትራክተር አስመጥተው ለልጆቹ አድለዋል። የፕላስቲክ አጽም፣ የተጠበሰ ቋሊማ፣ ትኩስ ወይን። ማዳም ቮትራን ስታስተዋውቀኝ ሾጣጣ ጥቁር የጠንቋይ ቆብ ራሴ ላይ አደረገችልኝ። ሰዉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ወረቀት አልያዝሁም። ጀመርሁ። ስለ ሥሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ካፖርቱ ተናገርሁ። ስሟን ጠርቼ «ማዳም ክሬመር» አልሁ። የኋላውን መስኮት፣ ደረጃውን፣ መሞቷን ሁሉንም ተናገርሁ። «ያቺ ልጅ እኔ ነኝ፤ እህቴ ኦዲል በኔ ፈንታ እስከ ዛሬ ተሸክማዋለች» አልሁ። ድምፄ ተሰበረ። ከዚያ አጨበጨቡ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ይቅርታ ያደረጉልኝ መሰለኝ። ለሁለት ሦስት ሰከንድ እንዲያ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንን ልደብቅሽ አልችልም። ከዚያ ማዳም ቮትራን ማይክሮፎኑን ተቀበለችኝና፣ «እንደ ድሮዎቹ ተራኪዎች ነው፤ እኔ ራሴ ፀጉሬ ቆሟል» አለች። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ «የእውነት ያለቀሱ ነበር የሚመስሉት፣ ድንቅ ነው» አለኝ። «የእውነት ነው» አልሁት። ጠቀሰኝና ሄደ።

ቆቡን ራሴ ላይ እንደያዝሁ ነበር የተናገርሁት። ማውለቅ ረሳሁ።

እንግዲህ ተናግሬአለሁ። ካልሰሙኝ ምን ላድርግ?

ሶላንዥ


ቫልደን፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1999

ሶላንዥ፣

ነበርሁ። ከዳቦ መኪናው ጀርባ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ ቃሉ ሁሉ ይሰማል። ቆቡንም አይቻለሁ። ጥሩ ተናገርሽ። በጣም ጥሩ ተናገርሽ፤ ጉዳቱ እሱ ነው። ተንተባትበሽ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ሁለት ሰው ይሰማሽ ነበር።

በማግሥቱ ነገሩን ከምናውቀው ከአምስታችን አንዷ የሆነችው አሮጊቷ ባርብ አበባ ልትወስድ መጣች። «እንዴ፣ ታዲያ አንቺ ነሽ ወይስ እሷ ናት?» አለችኝ። እሷ ናት አልኋት። «አይ፣ ለማንኛውም ሲያምር ተረከችው» ብላ ነጩን መርጣ ሄደች። ከዚያ ዘመን ጀምሮ መስኮቷን ስትዘጋብኝ የኖረች ሴት ናት።

«ኤሚል ነበር ወይ? ምን አለ?» ብለሽ በስልክ ላስቀመጥሽው መልእክት ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ደብዳቤ።

ነበር። ካላጨበጨቡት አንዱ እሱ ነው። ሐሙስ ጧት፣ በዓሉ አልፎ መስታወት ቤቱ ባዶ ሆኖ ስጠርግ ገባ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጎንበስ ብሏል፤ ሚስቱ ሊዘት ከሞተች አምስት ዓመት ሆነ። ቆቡን አውልቆ ያዘ። እንደወትሮው «እንደምን አደሩ» ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ደህና ነሽ፣ ኦዲል?» አለኝ።

«አንቺ» ሲለኝ መጥረጊያው ከእጄ ሊወድቅ ነበር። እንግዲህ ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ አሰብሁ። ስልሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ተኩል የቀረኝ ሴት ነኝ፤ ግን ሽርጤን እንዳስተካከልሁ ልንገርሽ፣ ብትስቂም ሳቂ።

«በበዓሉ ምሽት እህትሽ የተናገረችውን ሰምተሻል» አለኝ። ሰምቻለሁ አልሁት።

«እኔ አውቅ ነበር» አለኝ።

መቼ አወቅህ አልሁት። ገና ያኔ አለኝ። እናቱ በሦስቱ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ልቧ ተመልሶላት ነበር። እጁን ይዛ፣ «ትንሿ ናት፣ የትልቋን ካፖርት ለብሳ፤ እጅጌው ከእጇ አልፎ ሲንጠለጠል አየሁት፤ እንዳትቆጧት» አለችው። እንዳትቆጧት አለች፣ ሶላንዥ። ይህን ከምንም በላይ ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽና ሳልሸራርፍ ጻፍሁልሽ።

«ታዲያ ለምን?» አልሁት።

«ዋሸሽኝ» አለ። «እናቴ አልጋ አጠገብ ቆመሽ፣ ዓይኔን እያየሽ ዋሸሽኝ። ለኔ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅሁ። ለመንደሩ ዋሺ፣ ለአባትሽ ዋሺ፤ ለኔ ግን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር። አንድ ዓመት ጠበቅሁ።»

«መንደሩስ? ልጆቹ ሲዘፍኑብኝ ትሰማ ነበር።»

«እሰማ ነበር» አለ። ቆቡን በእጁ አዞረ። «አንቺ የመረጥሽው ነው ብዬ ነበር። ኋላ ደግሞ ሊዘትን አገባሁ። ያኔ ብናገር ለሷ ምን ይባላል?»

ለኔ ምን ይባላል አላለም። አላሰበውምም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያየሁት ይህንን ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ከጀርባው ያለውን አግዳሚ እያየ፣ አንድ ማሰሮ ተርፎ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጫፉ የተሰበረ ቢጫ ነበር። ወሰደው።

አንቺን ስከሳሽ ኖሬአለሁ፤ ብዙ ዓመት በቀን አንድ ጊዜ፣ እንደ ጸሎት። አንቺ ዝም ባትዪ ኖሮ አሁን የክሬመር ቤት እመቤት ነበርሁ እያልሁ። ለካ ዝምታሽ አይደለም ያሳጣኝ። አንድ ቃል ለእሱ ብናገር ኖሮ ይበቃኝ ነበር፤ ያንን ቃል ደግሞ የያዝሁት እኔ ነኝ፣ ላንቺ ስል። ከእንግዲህ በምን ልክሰስሽ? ይህን ስልሽ ምሬሻለሁ ማለቴ አይደለም። አሁን ምሬቱን የማደርስለት ሰው የለኝም ማለቴ ነው።

ኦዲል


ናንት፣ ማርች 5 ቀን 2000

ውድ ኦዲል፣

አራት ወር ዝም በማለቴ ይቅርታ። በገና ካርዴ ላይ «መልካም በዓል» ብቻ መጻፌን አንቺም እንዳየሽው አውቃለሁ።

«እንዳትቆጧት» የሚለውን ቃል አጋት ፊት አነበብሁት። ሁሉንም ነገርኋት። «አክስቴን ስንት ጊዜ ነው የጎበኘሻት?» አለችኝ። ቆጠርሁ፤ ከእማማ ቀብር ወዲህ አራት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ አጋት በሳምንት አንድ ጊዜ የነበረው ስልኳ በወር ሆኗል። ያንቺ ጥፋት አይደለም።

መጽሔቱን ምን አደረግሽበት ብለሽኝ ነበር። ማረሚያ ጻፍሁ፤ ሁለት ገጽ፣ ከነሙሉ ስሜ፣ ልማዱ ለምን እንደጠፋ። መልሳቸውን ትናንት አገኘሁ። በጣም ወደውታል። ለኦክቶበር ልዩ እትማቸው ሊይዙት ይፈልጋሉ፣ «አስፈሪ ታሪኮች ከየክፍለ ሀገሩ» በሚለው ዓምድ። ሥዕል የሚሠራ ሰው ቀጥረዋል።

አታውጡት ብዬ ጽፌአለሁ። መልስ አልሰጡኝም።

ሶላንዥ


ቫልደን፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 2000

ሶላንዥ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልሽን አቋርጠሽ ከሆነ አታቋርጪ። እኔ ቀኝ እጄ መጨበጥ እምቢ ብሎኛል። ዘንድሮ ግማሹን ብቻ ተከልሁ፤ የመጨረሻዬም ነው። ሳልነግርሽ የቆየሁት የምትመጪ መስሎኝ ነው። ሱፐርማርኬቱ ከሆላንድ በመኪና የሚያመጣውን ክሪሳንተም ከዳይፐሩ አጠገብ ደርድሮ ይሸጣል፤ ሰዉም እዚያው ዱባውንም አበባውንም በአንድ ጋሪ ይወስዳል። አልወቅሳቸውም፤ ይቀላል።

የመጽሔቱ ሥዕል ደርሶሻል ወይ ላልሽው፣ ማዳም ቮትራን አሳይታኛለች። ማዳም ክሬመርን ሥዕል ላይ አፍንጫ አርዝመውላታል።

የመጣችበት ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ኮሚቴው ዘንድሮ «የባልቴቷ ቤት» የሚል ትርኢት ሊያደርግ ነው፣ በዚያው ቤት ውስጥ፣ በዚያው ደረጃ ላይ። ሰዉ በአምስት አምስት እየሆነ በፊት በር ገብቶ በኋላ በር ይወጣል። ኤሚል ልጁ ዘንድ ቲዮንቪል ሄዷል፤ ቁልፉን ሰጥቷቸዋል። ባዶ ቤት ነው፣ ምን ያደርግልኛል አለ አሉ። እውነት ማለቱን ለማወቅ ደወልሁለት። «ስንት ዓመት አልፎት የለም እንዴ፣ ኦዲል፤ ልጆች ይጫወቱበት» አለኝ። እናቱ ብትሆን እንደዚያው ትል ነበር ይሆናል። እሷ ብትለው ግን ሌላ ነበር።

ማዳም ቮትራን ሻይ ሳታስጨርሰኝ ጥያቄዋን አመጣች። ባልቴቷን የሚጫወት ሰው ቸግሯቸዋል፤ ወጣቶቹ ዱቄት ቢቀቡም አይመስሉም። «እርስዎ እድሜዎም፣ አነጋገርዎም፣ ሁሉም ይሄዳል። ደግሞ ታሪኩ የቤተሰባችሁ አይደል» አለችኝ። መውደቅ አይኖርብኝም፤ ከደረጃው አናት ላይ ፖም ይዤ ብቆም ይበቃል፣ መብራት ያጠፉና የሚወድቀውን አሻንጉሊት ይጥላሉ።

አልተቆጣሁም። ተቀመጪ አልኋትና ሁሉንም ነገርኋት፣ እኔ በራሴ አፍ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለባዕድ ሰው። ስሟ ካትሪን ክሬመር መሆኑን፣ አምሳ ሦስት ዓመቷ እንደነበር፣ አሮጊት እንዳልነበረች፣ ይህችን እኔ ራሴ ያን ዕለት ነው ያሰብሁት፣ በዕድሜ ከዛሬዋ ከኔ ታንስ ነበር። ዳሌዋ ተሰብሮ ሦስት ቀን ሙሉ መቃተቷን፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ኤሚል በሩን ዘግቶ እኛ ከውጭ ስንሰማ መዋላችንን። ሁለተኛው ቀን የሙታን ቀን እንደነበር፣ ደወሉ ሲደወል ለሷ መስሏት እንደጮኸች። ማዳም ቮትራን ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ስትጽፍ አየሁ። ገባት ብዬ ቀጠልሁ።

ስጨርስ ብዕሯን ከደነች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የውሸት አይደለም፣ የምታዝን ሴት ናት። እጄን ያዘችኝና፣ «ሦስት ቀን መሆኑን አላወቅንም ነበር» አለች። «እኛ የያዝነው አንድ ምሽት ብቻ ነው።»

ትናንት ማስታወቂያው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ሦስት ምሽት አድርገውታል። ስሟንም ጽፈውታል፣ ካትሪን፣ በቀይ የሚንጠባጠብ ፊደል። ባልቴቷን ዳቦ ጋጋሪው ቀሚስ ለብሶ ይጫወታታል።

ዘንድሮ ልምጣ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል ይላሉ፤ የመጀመሪያው ምሽት ሞልቷል። ለኔ ሳይሆን ለማዳም ቮትራን ጻፊላት።

ኦዲል